ምስጢር ያወጣ ሰው ከሃዲ ነው ወይስ ባለውለታ?

እስቲ እንወያይ (ቋሚ ዓምድ)

የዛሬውን ርዕስ የሰጡኝ የ8ኛ ክፍል ተማሪዎቼ ናቸው። በክርክር ክፍለ ጊዜ አንዱ ወገን «የመንግሥቱን ምስጢር አሳልፎ የሰጠ ከሃዲ ነው» ሲል ሌላው «እውነት የተናገረ ሰው እንዴት ከሃዲ ይባላል?» አለ። ሳንጨርሰው ደወል ተደወለ። እናንተ ወላጆችም እንድትሳተፉበት ብዬ ወደዚህ አመጣሁት። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

የተከራከሩበት ሰው ኤድዋርድ ስኖውደን ይባላል። ኤንኤስኤ ለሚባለው የአሜሪካ የኤሌክትሮኒክ ስለላ ድርጅት በኮንትራት ይሠራ የነበረ የ29 ዓመት የኮምፒውተር ባለሙያ ነበር። በ2013 ብዙ ሺህ ምስጢራዊ ሰነዶችን ይዞ ወደ ሆንግ ኮንግ ሄደና ለጋዜጠኞች ሰጠ። ከወጣው ውስጥ ሁለቱ ነገሮች ዓለምን አስደነገጡ። አንደኛው፣ የአሜሪካ መንግሥት የገዛ ዜጎቹን የስልክ መዝገብ፣ ማለትም ማን ለማን፣ መቼ፣ ለስንት ደቂቃ እንደደወለ፣ በጅምላ ይሰበስብ ነበር። ሁለተኛው፣ እንደ ጉግል፣ ያሁ፣ ማይክሮሶፍትና ፌስቡክ ካሉ ኩባንያዎች የውጭ አገር ሰዎችን ኢሜይልና መልእክት ይወስድ ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ልብ በሉ። አሜሪካውያኑ ጮኹ፣ ከሰሱ፣ በ2015 የራሳቸው የስልክ መዝገብ በጅምላ መሰብሰቡ በሕግ ቆመ። የውጭ ሰዎችን የሚመለከተው የ2008 ሕግ ግን ከአሜሪካ ውጪ ያለን ባዕድ ለመሰለል ለእያንዳንዱ ሰው የዳኛ ትእዛዝ አይጠይቅም። ይህ ሕግ በ2018 ታደሰ፣ በ2024ም ታደሰ። ፕሬዚዳንት ኦባማ በጃንዋሪ 2014 የባዕዳንም ክብር እንዲጠበቅ መመሪያ አውጥተው ነበር፤ መመሪያ ግን ፍርድ ቤት አይሆንም። ዜጋ ቢበደል ድምፁን ይነፍጋል፣ ጠበቃ ይይዛል። ባዕድስ? መሰለሉን ካላወቀ ምን ብሎ፣ ለማን ይከሳል? ሊነግረው የሚችለው ውስጥ ያለ ሰው ብቻ ነው።

ነገሩ የሩቅ አገር ወሬ ብቻ እንዳይመስለን። በ2017 ከነዚሁ ሰነዶች አንዳንዶቹ ሲታተሙ፣ ኤንኤስኤ ከ2002 ጀምሮ አዲስ አበባ ላይ ከኢትዮጵያ መንግሥት ጋር የስለላ ጣቢያ አቋቁሞ እንደነበር ታወቀ። ሰነዱ እንደሚለው በ2005 እዚያ 103 ኢትዮጵያውያን ይሠሩ ነበር። የሚያዳምጡት የሶማሊያን፣ የሱዳንንና የየመንን ንግግር ነው። ዛሬ በየብሎኩ አብረውን ውሃ የሚቀዱት የሶማሊያና የሱዳን ሰዎች የዚያን ጊዜ ስልካቸው ተሰምቶ ይሁን አይሁን አያውቁም። ሰነዱ ባይወጣ ኖሮ ግን ለመጠየቅ እንኳ ባልታሰባቸው ነበር።

ቢሆንም በአንድ ጆሮ ብቻ አንስማ። በ1998 ናይሮቢ የአሜሪካ ኤምባሲ ላይ በደረሰው ፍንዳታ ከ200 በላይ ሰው ሞቷል፣ አብዛኛው ምስኪን ኬንያዊ ነው። እንዲህ ያለውን ጥቃት ለማስቀረት መንግሥት ጆሮ ያስፈልገዋል። ጆሮ ያለው መንግሥት ደግሞ ምስጢር ይኖረዋል፤ ምስጢሩን የያዘ ሠራተኛም ቃል ገብቷል።

ደግሞስ ከኛ ከስደተኞች በላይ የምስጢርን ዋጋ የሚያውቅ ማን አለ? ኢንተርቪው ክፍል ገብተን የተናገርነው ፋይላችን ውስጥ ተቀምጧል፦ ማን እንዳሰረን፣ ማን እንዳሸሸን፣ አገር ቤት ማን እንደቀረ። አስተርጓሚው ወጥቶ ሻይ ቤት ቢያወራው «እውነት ነው የተናገርኩት» ብሎ ማምለጥ አይችልም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ የሚከፍለው ደግሞ ወሬውን ያወጣው ሳይሆን አገር ቤት የቀረው ወንድም ነው።

ይህ እንዲያው ግምት አይደለም። ዊኪሊክስ በሴፕቴምበር 2011 ከ250,000 በላይ የአሜሪካ ዲፕሎማቶች መልእክቶችን ስሞች ሳይሸፍን ለቀቃቸው። በአንደኛው ላይ የአንድ ኢትዮጵያዊ ጋዜጠኛ ስም ነበር። ፖሊስ ጠርቶ «ይህን ማን ነገረህ?» ብሎ መረመረው፤ ጋዜጠኛው በዚያው ወር አገሩን ጥሎ ወጣ። ስሙን እዚህ አልደግመውም። የኃያል መንግሥት ምስጢር ወጣ ተብሎ ሲጨበጨብ እሱ እንደኛው ስደተኛ ሆነ።

እንግዲህ መለኪያው ምን ይሁን? ለተማሪዎቼ ሦስት ጥያቄ ሰጥቻቸዋለሁ። የወጣው የኃያሉ ሥራ ነው ወይስ የደካማው ስም? የወጣው በልኩ ነው ወይስ በጆንያ? ውስጥ ለውስጥ ቢነገር ሊስተካከል ይችል ነበር ወይ?

በነዚህ ሲመዘኑ ሰዎቹ እኩል አይደሉም። ካትሪን ገን የምትባል የእንግሊዝ የስለላ መሥሪያ ቤት አስተርጓሚ በ2003 ያወጣችው አንድ መልእክት ብቻ ነው። መልእክቱ ከኢራቅ ጦርነት በፊት በተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት ያሉ የአንጎላን፣ የካሜሩንን፣ የጊኒንና የሌሎችንም ልዑካን ለመሰለል አሜሪካ እገዛ የጠየቀችበት ነበር። ጦርነቱ አልቀረም፣ እሷም ተከሰሰች፤ በ2004 ዐቃቤ ሕግ ማስረጃ አላቀርብም ብሎ ክሱ ወደቀ። በኔ በኩል እሷን ከሃዲ ለማለት አፌ አይደፍርም። ስኖውደን ሰነዱን ገበያ ላይ አልበተነም፤ የሚታተመውን እንዲመርጡ ለጋዜጠኞች ሰጠ። በዚህ አመሰግነዋለሁ፤ የባዕዱን በደል የነገረን እሱ ነውና። ነገር ግን በ2016 የአሜሪካ ምክር ቤት ኮሚቴ እንዳለው፣ ከወሰደው አብዛኛው ከግለሰብ ምስጢር ጋር የማይገናኝ የወታደራዊና የስለላ ጉዳይ ከሆነ፣ ለዚያኛው ክፍል ምስጋናዬን አልዘረጋም።

አንድ ነገር ጨምሬ ላብቃ። ስኖውደን ሆንግ ኮንግ ላይ ሲፈለግ ለሁለት ሳምንት ያህል የሸሸጉት ከስሪ ላንካና ከፊሊፒንስ የመጡ፣ ጥገኝነት ጠይቀው የሚጠባበቁ ቤተሰቦች ነበሩ። ጠባብ ክፍላቸውን አካፈሉት። ነገሩ ዓለም ጆሮ የገባው በ2016 ነው፤ በቀጣዩ ዓመት ሆንግ ኮንግ የጥገኝነት ጥያቄያቸውን ውድቅ አደረገች። ካናዳ ከመካከላቸው አንዳንዶቹን በ2019፣ አንዳንዶቹን ደግሞ በ2021 ተቀበለች። የኃያሉን ምስጢር ያወጣውን ሰው ደካሞቹ ምስጢሩን ጠበቁለት። ልጆቻችን ሁለቱንም ቢማሩ ደስ ይለኛል፦ መቼ መናገር እንደሚገባ፣ የማንን ነገር ደግሞ እስከ መጨረሻው መያዝ እንደሚገባ።

እናንተስ ምን ትላላችሁ? አስተያየታችሁን ጽፋችሁ በልጆቻችሁ እጅ ወደ ትምህርት ቤት ላኩልኝ። እስከዚያው ቸር ይግጠመን።