«አህያም የለኝ» ማለት ይብቃን!



ባለፈው ሳምንት እግሯ የተሰበረ አህያ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ተጥላ ሦስት ቀን ስትሰነብት ሁላችንም አይተናል። አይተንም አልፈናል። «አህያም የለኝ፣ ከጅብም አልጣላ» እያልን! በሦስተኛው ሌሊት ጅብ ከነነፍሷ ጀመራት። ጩኸቷን ያልሰማ ቤት የለም።

ኧረ ለመሆኑ፣ ኩንታል ሙሉ እህል፣ 100 ኪሎ፣ ስትሸከምልን የኖረች ስትወድቅ የጅብ ራት ትሁን ያለው ማነው? አንዳንዶች «ነፍስ ማጥፋት ኃጢአት ነው፣ ለፈጣሪዋ ተውናት» ይላሉ። ለፈጣሪ አልተዋችኋትም፤ ለጅብ ነው የተዋችኋት! ሦስት ቀን ያለ ውኃ ማሰቃየቱስ ጽድቅ ሆነ እንዴ?

«ዝም ብላለች፣ አላመማትም» የሚባለውም ከንቱ ነው። አህያ ሕመሟን ቻይ ናት፤ እንደ ውሻ አትጮኽም። መታየት ያለበት ይህ ነው፦ ትበላለች? ትጠጣለች? ራሷን ችላ ትነሣለች? ወይስ ተኝታ ጎኗ እየቆሰለ ነው? የምትድን ከሆነ ጭነቱ ይቅርላትና ትታከም። የእንስሳት ሐኪም አይቶ ተስፋ የላትም ካለ ግን በመርፌ እንድታርፍ ማድረግ ጭካኔ አይደለም። ጭካኔስ መጣሉ ነው።

ስለሆነም ባለ አህያዎች፣ የሠራችላችሁን አትጣሉ! ለሐኪም የሚከፈል ያጣ ለማኅበሩ ይንገር፤ አዋጥተን እንከፍላለን። ይህን የጻፍነውም አይተን ካለፉት ነንና ጥፋቱ የጋራችን ነው። ሁለተኛ ግን አይደገም!

የማኅበሩ ጽሕፈት ቤት