ወደ 6ኛ ክፍል ሒሳብ መመለስ ውርደት አይደለም

የድሬ ልጆች፣ ዛሬ የማወራችሁ ስለ ሒሳብ ነው። አቦ፣ ወደሚቀጥለው ፖስት ከማለፋችሁ በፊት አንዲት ጥያቄ ብቻ ሞክሩልኝ።

የአንድ ቁጥር ግማሽና የዚያው ቁጥር ሲሶ ሲደመሩ 10 ይመጣል። ቁጥሩ ስንት ነው?

"ኤክስ ለ2፣ ሲደመር ኤክስ ለ3፣ እኩል ይሆናል 10" ብላችሁ ትጽፋላችሁ። እዚህ ድረስ ብዙ ሰው ይደርሳል። ጉዱ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ላዩን ከላዩ፣ ታቹን ከታቹ የሚደምር ተማሪ "2 ኤክስ ለ5" ይልና መልሱ 25 ይወጣለታል። የ25 ግማሽ ብቻውን ከ10 እንደሚበልጥ ልብ አይልም። መልሱ 12 ነው፤ ግማሹ 6፣ ሲሶው 4።

አሁን ልብ በሉ። ይህ ተማሪ አልጀብራ አልከበደውም፤ ኢኩዌሽኑን በትክክል ጽፏል። የጣለው የክፍልፋይ መደመር ነው። እሱ ደግሞ ገና ከ7ኛ ክፍል በፊት የተማርነው ነገር ነው። ግን ማን ይነግረዋል? መምህሩ የሚያርመው የመጨረሻውን መልስ ነው። ተማሪው ደግሞ "እኔ ሒሳብ አይገባኝም" ብሎ ራሱ ላይ ይፈርዳል።

ቁጥሩን ሁላችንም እናውቀዋለን። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ ነበር። በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ሪሚዲያል መጣ፤ ሒሳብ ደግሞ ናቹራልም ሶሻልም የማያመልጠው ትምህርት ሆነ። ሪሚዲያሉን ያለፈም ፍሬሽማን ላይ ሒሳብ ይጠብቀዋል።

በዚህ ቁጥር ሁለት ዓመት ሙሉ ተሰዳደብን። አንዱ መንግሥትን፣ አንዱ መምህሩን፣ አንዱ "የቲክቶክ ትውልድ" እያለ እኛን። የትምህርት ሥርዓቱን መጠየቅ መብታችን ነው፣ እንጠይቅ። ነገር ግን የትኛውም ስድብ የክፍልፋይን ቀዳዳ አይደፍንም። ቀዳዳው ያለው እኛ ጋ ነው፣ የሚደፈነውም እኛው ተቀምጠን ስንሠራ ነው።

እኔ ራሴ ከዚህ አላመለጥኩም። ፍሬሽማን እያለሁ የመጀመሪያውን የሒሳብ ፈተና ወረቀት ተቀብዬ አጥፌ ኪሴ ከተትኩት፤ ለማንም አላሳየሁም። ከዚያ አንድ ሌሊት ካን አካዳሚ ገብቼ ለአልጀብራ የሚያዘጋጀውን ኮርስ ከፈትኩ። ኮርሱን ሳልጀምር አጠቃላይ መፈተኛው ላይ ገባሁ፣ 30 ጥያቄ። ያገኘሁት 11 ነው። የሳትኩት ምን ላይ ነበር? ክፍልፋይና ኔጌቲቭ ቁጥር። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ የምማረው የ6ኛ ክፍል ሒሳብ ሆነ። የዶርሜ ልጆች ሲመጡ ስልኩን እገለብጠው ነበር፣ እንዳያዩኝ። ያ ማፈር ከሒሳቡ በላይ ጊዜዬን በላ። ለዚህ ነው ዛሬ የምጽፍላችሁ።

ሶፍትዌሩ ምን እንደሚያደርግ ላስረዳ። በዚህ ዘርፍ ብዙ የሚታወቀው አሌክስ የሚባለው ነው። መነሻው ፋልማኝና ዷኞን የተባሉ ሁለት ምሁራን በ1985 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ያወጡት ሐሳብ ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ የሒሳብ እውቀት በአንድ ውጤት አይለካም፣ የትኛው በየትኛው ላይ እንደቆመ የሚያሳይ ካርታ ነው። ክፍልፋይ የማያውቅ ሰው ስሎፕ አያወጣም፤ ስሎፕ የማያውቅ ሰው የመስመር ኢኩዌሽን አይጽፍም። ሶፍትዌሩ ከ30 በማይበልጡ ጥያቄዎች ካርታው ላይ የት እንደቆማችሁ ይፈልጋል። ከመለሳችሁ ከፍ ያለውን ያመጣል፤ ከሳታችሁ ከሥሩ ያለውን ይጠይቃል። ከዚያ ዝግጁ የሆናችሁበትን ርዕስ ብቻ ይሰጣችኋል። ከሳምንታት በኋላ እንደገና ይፈትናችኋል፤ የረሳችሁት ካለ መልሶ ያሠራችኋል።

አልጀብራ የሚለው ቃል ራሱ ይህንን ሥራ ይመስላል። ቃሉ የመጣው ባግዳድ የነበረው አል-ኸዋሪዝሚ በ9ኛው ክፍለ ዘመን ለመጽሐፉ ርዕስ ከተጠቀመበት "አል-ጀብር" ነው። ዓረብኛ የምትሰሙ ታውቁታላችሁ፤ የተሰበረ አጥንትን ወደ ቦታው መመለስ ማለትም ነው። የወጌሻ ሥራ። ወጌሻ ደግሞ መጀመሪያ በእጁ ዳብሶ ስብራቱን ይፈልጋል። የት እንደተሰበረ ሳያውቅ የሚያስር ወጌሻ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኛ ግን እንደዚያ ነው የምናጠናው። ፈተና ሲደርስ ከቴሌግራም 200 ገጽ ፒዲኤፍ እናወርዳለን፣ ከሰዓት በኋላ በምርቃና እንሸመድዳለን፣ ስብራቱ እዚያው ይቀራል።

"ይሄ የፈረንጅ ነገር ነው" የሚል ካለ ወደ ህንድ ልውሰደው። በዴልሂ ማይንድስፓርክ በሚባል ሶፍትዌር ላይ የተደረገ ጥናት በ2019 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ታትሟል። የ6ኛ ክፍል ተማሪዎቹ በሒሳብ በአማካይ ሁለት ክፍል ተኩል ያህል ወደኋላ ቀርተው ተገኙ። 9ኛ ክፍል ላይ ልዩነቱ አራት ክፍል ተኩል ደርሷል። መምህሩ ግን የ9ኛ ክፍልን መጽሐፍ ነው የሚያስተምረው። በመደበኛው ትምህርት ብቻ የቀሩት ደካማ ተማሪዎች ፈቀቅ አላሉም ማለት ይቻላል። ከትምህርት ሰዓት ውጭ በሶፍትዌሩ ካሉበት ደረጃ የጀመሩት ግን በአራት ወር ተኩል ውስጥ ግልጽ መሻሻል አሳዩ። ታሪኩ የእኛን አይመስልም?

እውነቱን ግን አልደብቅም። ሶፍትዌር ተአምር አይሠራም። ጥያቄውን ፎቶ አንስታችሁ በሌላ አፕ ካስመለሳችሁ ራሳችሁን ነው የምታታልሉት፤ የተሳሳተ ካርታ ይሠራላችኋል። በደብተር ሳትሠሩ በጣት ብቻ ከነካካችሁም አይገባችሁም። አሌክስ በክፍያ ነው፣ ብዙዎቻችን አንችለውም። ካን አካዳሚ ነፃ ነው፣ ግን ፓኬጅ ይበላል፣ ቋንቋውም እንግሊዝኛ ነው። "ለምን ይህ ሕግ ይሠራል?" ብላችሁ ስትጠይቁ ዓይናችሁን አይቶ የሚያስረዳ መምህርም ያስፈልጋል። ሶፍትዌሩ ቦታውን ያሳያል፣ መምህሩ ያስረዳል፣ እናንተ ትሠራላችሁ።

ይህ የአገር ጉዳይ ነው ስል መፈክር አይምሰላችሁ። ከተማችን ያለችው በባቡር ምክንያት ነው። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ከጅቡቲ ድሬ ሲደርስ 310 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ፣ ከባሕር ጠለል ወደ 1,200 ሜትር ወጥቶ ነው። 1,200ን ለ310,000 አካፍሉት። በአማካይ በየ1,000 ሜትሩ ወደ 4 ሜትር መውጣት ማለት ነው። ይሄ ነው ስሎፕ፤ ያው ክፍልፋይ። ያን ጊዜ ስሌቱን የሠሩት የውጭ መሐንዲሶች ናቸው። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀውን አዲሱን መስመርም የሠሩት፣ መጀመሪያ ላይም ያንቀሳቀሱት የቻይና ኩባንያዎች ናቸው። አያቶቻችን ለገሃር ወርክሾፕ ውስጥ ብረት እየጠረቡ ሙያ ለምደዋል፣ እናከብራቸዋለን። ቀጣዩን መስመር ማን ያሰላዋል? በባንዲራ ፕሮፋይል ብቻ ባቡር አይሄድም።

ስለዚህ ሦስት ነገር እለምናችኋለሁ።

አንደኛ፣ በዚህ ሳምንት አንድ ቀን መርጣችሁ ብቻችሁን ተቀመጡ። የሌሊት ፓኬጅ ግዙ፣ ደብተርና እስክሪብቶ ያዙ፣ ካን አካዳሚ ላይ ለአልጀብራ የሚያዘጋጀውን ኮርስ ከፍታችሁ 30ውን ጥያቄ ያለ ካልኩሌተር ሥሩ። የማታውቁትን አትገምቱ። ውጤቱ ካስደነገጣችሁ ጥሩ ነው፣ ስብራቱ ተገኘ ማለት ነው። ከዚያ በቀን 40 ደቂቃ ይበቃል፤ ዋናው አለማቋረጥ ነው።

ሁለተኛ፣ ለዕረፍት የምትመጡ የዩኒቨርሲቲ ልጆች፣ ላፕቶፕ ያላችሁ፣ ብቻችሁን አትቀመጡ። ሳቢያን፣ ከዚራ፣ መጋላ፣ ገንደ ቆሬ፣ በየሰፈራችሁ አምስት አምስት ልጅ ሰብስቡ። ኮሊብሪ የሚባል ነፃ ሶፍትዌር አለ፤ የካን አካዳሚን ትምህርት አንድ ኮምፒውተር ላይ አንዴ ከጫናችሁት ሌሎቹ ያለ ኢንተርኔት በስልካቸው ይማሩበታል። አንድ ላፕቶፕና አንድ ራውተር ይበቃል።

ሦስተኛ፣ የወጣት ማዕከልና የትምህርት ቤት ኮምፒውተር ክፍል ቁልፍ በእጃችሁ ያለ ታላላቆቻችን፣ በክረምት ክፈቱልን። ኮምፒውተሩ በአቧራ ከሚያረጅ በእኛ እጅ ይረጅ።

የምታፍሩበት ነገር ካለ፣ እያወቃችሁ ቀዳዳውን ሸፍናችሁ መሄዳችሁ ላይ እፈሩ። ወደታች ወርዶ መሠረት ማስተካከል የግንበኛ ወግ ነው።

ፈተናውን የሠራችሁ ከ30 ስንት እንዳገኛችሁና ከየትኛው ክፍል እንደጀመራችሁ ኮሜንት ላይ ጻፉ። እኔ ጀምሬላችኋለሁ፤ 11 ከ30፣ 6ኛ ክፍል። ማንም እንዳይስቅ፤ የሚስቅ ካለ መጀመሪያ የራሱን ውጤት ይጻፍ።