ፎቁ ከጓሮ ይሠራ

ከድሬዳዋ የጻፍሽልኝ እህቴ፣ ደብዳቤሽ ደርሶኛል። የባቡር ሠራተኛ የነበሩት አያታችሁ የሠሯትን ቤት ወንድሞችሽ «አፍርሰን ፎቅ እንሥራ» ብለው ወጥረው ይዘውሻል። በነሱም አይፈረድም፤ ልጅ ወልደዋል፣ ቤቱ ጠቧቸዋል።

ግን ድሬን የወለዳት ባቡር አይደል? ሐዲዱ ወደ ሐረር ተራራ መውጣት ቢከብደው ነው በ1895 ዓ.ም. ሜዳው ላይ ከተማ የተቆረቆረው። የዛሬው ባቡር ደግሞ ከ2010 ወዲህ ተሳፋሪውን የሚያወርደው ከከተማው ውጪ ነው። ለዚያ ዘመን ምስክር የቀሩት እንዲህ ያሉ ቤቶች ናቸው። የአዲስ አበባን ፒያሳ አላየሽም? ስንት ዘመን የቆመው ሱቅና ቤት በ2016 በጥቂት ቀን አፈር ሆነ።

እኔ ፎቁ ከጓሮ ይሠራ ባይ ነኝ። አስቀድመሽ ባህል ቢሮ ሂጂና ቤቱ በቅርስነት ተመዝግቦ እንደሆነ ጠይቂ፤ በአዋጅ 209/1992 መሠረት የተመዘገበ ቅርስ ያለ ፈቃድ አይነካም። ካልተመዘገበና እነሱም እምቢ ካሉ፣ ፎቶ አንሺው። በሩንና መስኮቱንም በአናጢ አስነቅይ፤ ለማገዶ እንዳይሄድ።