የማንይዘው ስልክ ዜና

ለመሆኑ የአይፎንና የሳምሰንግ ፉክክር ለእኛ ምናችን ነው? በላውንጅ የሚካሄደውን ክርክር ለማጣጣል አይደለም፤ እኔም አንዳንዴ እገባበታለሁ። ግን ጋዜጠኞች ልንሆን ነውና ነገሩን ከአንባቢ አንጻር ማየት አለብን። አፕል በየዓመቱ አዲስ አይፎን ሲያወጣ የእኛ የቴክኖሎጂ ዓምዶችና ፕሮግራሞች ወሬውን ከውጭ ተርጉመው ያቀርቡልናል፤ ስንት ካሜራ አለው፣ ስንት ዶላር ነው እያሉ። አንባቢው ግን በእጁ የያዘው ሌላ ስልክ ነው።

እስቲ ከአስኮ ወደ ቡራዩ፣ ወይም ከዓለም ገና ወደ ሰበታ ስትሄዱ የሞባይል ቤቶቹን ማስታወቂያ ልብ በሉ። ሱሉልታም ያው ነው። ቴክኖ፣ ኢንፊኒክስ፣ አይቴል። አንዱ ባትሪው አያልቅም ይላል፣ ሌላው ካሜራዬን እዩልኝ ይላል። ሻጩም «ይሄ ከዚያኛው ይሻላል» ብሎ ይምላል። የሚገርመው ግን ሦስቱም የአንድ ቤት ልጆች ናቸው፤ ባለቤታቸው ትራንሽን የሚባለው የቻይና ኩባንያ ነው። ስማርት ስልኮቻቸው ሲከፈቱ ደግሞ ውስጣቸው ያለው የጉግል አንድሮይድ ነው። ታዲያ ፉክክሩ የቱ ጋ ነው?

ትራንሽንን ለመውቀስ አይደለም። ኩባንያው ሌሎቹ እንደ ገበያ ያልቆጠሩትን አፍሪካዊ ገዢ ፈልጎ የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 እዚሁ አገራችን ስልክ መገጣጠም ጀመረ፣ በአማርኛ የሚሠሩ ስልኮችንም አቀረበልን። (በነገራችን ላይ እስከ 2022 ድረስ አንድ ቴሌ ብቻ እያለን ሁለት ሲም የሚይዝ ስልክ ስንገዛ መኖራችን ይገርመኛል። ሳፋሪኮም ሲገባ ነው ሁለተኛዋ ቀዳዳ ጥሩ ሥራ ያገኘችው።) ያኔ ቴክኖ ኖኪያን ለመገዳደር መሥራት ነበረበት። ዛሬ ግን ያ ኖኪያ የለም። ማይክሮሶፍት በ2014 የኖኪያን የስልክ ክፍል ገዛው፣ ብዙም ሳይቆይ የዊንዶውስ ስልክ ከገበያ ወጣ። የቀሩት ሁለት ናቸው፤ አንድሮይድና አይፎን። የአይፎንን ዋጋ ለማይችል ሰው ደግሞ የቀረው አንድ ነው። የአውሮፓ ኮሚሽን በ2018 ጉግልን 4.34 ቢሊዮን ዩሮ የቀጣው፣ አንድሮይድን ተጠቅሞ የራሱን የፍለጋ አገልግሎት በስልክ ሠሪዎች ላይ ጭኗል ብሎ ነበር። ይህን ዜና እኛ ስንቶቻችን ከቡራዩ ሞባይል ቤት ጋር አያይዘን አየነው?

ነገሩ የወሬ ጉዳይ ብቻ ቢሆን ባልጻፍኩ። ቴሌብር በ2021፣ ኤምፔሳ በ2023 ከመጡ ወዲህ ስልካችን ኪሳችን ሆኗል። ደመወዝ፣ ዕቁብ፣ የቤት ኪራይ በዚያው ይሄዳል። ስለዚህ ትልቁ ጥያቄ የካሜራው ብዛት አይደለም፤ ስልኩ የደኅንነት አፕዴት የሚያገኘው ለስንት ዓመት ነው? ጉግል በ2023 ለፒክስል 8፣ ሳምሰንግ በ2024 ለጋላክሲ ኤስ24 የሰባት ዓመት ቃል ገብተዋል። ውድ ስልክ ለገዛ ሰው ማለት ነው። በርካሹ ስልክ ላይ ጊዜው በጣም ያጥራል፣ ካርቶኑም ላይ አይጻፍም። ገንዘቡ ትንሽ የሆነው ሰው ነው ጥበቃውም የሚያንሰው። እኔ ይሄ ያበሳጨኛል።

ሌላም አለ። ሰበታ ላይ ስመ ጥር የሆነው የመርሐ ዕውራን ትምህርት ቤት አለ። ከዚያ የወጣ ተማሪ ስልክ ሲገዛ ሻጩን ምን ይጠይቃል? ስክሪኑን በድምፅ ሲያነብ አማርኛውንስ፣ ኦሮምኛውንስ ይችላል ወይ? ይህን የሚያወዳድር አንድ ጽሑፍ በጋዜጦቻችን ላይ አላየሁም። ስለ ታጣፊ ስልክ ግን ስንት አንብቤአለሁ!

ከእነዚህ ከተሞች እየተመላለስን የምንማር ልጆች አለን። ለሚቀጥለው እትም እያንዳንዳችን በሰፈራችን ሁለት ሦስት ሞባይል ቤት እንግባ። በብዛት የሚሸጠው ስልክ የትኛው ነው? ዋጋውስ? የመጨረሻውን የደኅንነት አፕዴት ያገኘው መቼ ነው? ይህ ሴቲንግ ውስጥ ተጽፎ ይገኛል፤ ሻጩን አስከፍቶ ማየት ነው። የቡራዩን እኔ እወስዳለሁ። ለሰበታና ለሱሉልታ ሰው ያስፈልገናል።