«እብኖዲ ናይን» ግዕዝ አይደለም፤ ታዲያ ምን ይጠበስ?

በስቅለት ዕለት ከስግደቱ መሀል «ኪርያላይሶን»፣ «እብኖዲ ናይን»፣ «ታኦስ ናይን» ሲባል ያልሰማ የከተማ ልጅ የለም ማለት ይቻላል። አብረንም እንላለን። ምን ማለት ነው ብንባል ግን ብዙዎቻችን እርስ በርስ እንተያያለን። ደፋሮቻችን ደግሞ «ግዕዝ ነዋ!» ብለን እናልፋለን።

ግዕዝ አይደለም። «ኪርያላይሶን» ግሪክ ነው፤ «አቤቱ ማረን» ማለት ነው። «እብኖዲ ናይን» ደግሞ የግብፅ ክርስቲያኖች ቋንቋ፣ ቅብጥ ነው፤ «እብኖዲ» አምላክ፣ «ናይን» ማረን። «ታኦስ ናይን» ላይ ስንደርስ ነገሩ ይብሳል፦ የመጀመሪያው ቃል ግሪክ፣ ሁለተኛው ቅብጥ። በሁለት ቃል ሁለት ቋንቋ!

ይሄ የሚያስደንቅ አይደለም። ፍሬምናጦስ በእስክንድርያ ከተሾመበት ከ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ እስከ 20ኛው ድረስ የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ሊቀ ጳጳስ የሚመጣላት ከዚያው ነበር። ሰው ሲመጣ ቃሉን ይዞ ይመጣል።

እኛን የሚያሳስበን ሌላ ነገር ነው። የቃሉን ታሪክ ሳናውቅ ስንቀር ባዶውን ቦታ ተረት ይሞላዋል። ፌስቡኩንና ቴሌግራሙን የዓለም ቃል ሁሉ ከግዕዝ ወጣ የሚል ጽሑፍ አጥለቅልቆታል። ሁለት ቃል ድምፁ ከተመሳሰለ በቃ፣ ዘመድ ነው! እኛም «ላይክ» አድርገን እናጋራለን። እንዲህ ያለው ኩራት ግን አንድ መዝገበ ቃላት እስኪገለጥ ድረስ ብቻ ነው ዕድሜው።

እስቲ የራሳችን ከምንላቸው ቃላት ሁሉ የራሳችን የሚመስለውን እንውሰድ፦ «ሃይማኖት»። በግዕዝ ወግ «አምነ» ካለው «እምነት» ይወጣል፤ ከፊቱ «ሃይ» አይጨመርበትም። ይህ አወጣጥ የአራማይክ ነው፤ ቃሉም የመጣው ከዚያው ነው። «ጣዖት»ም እንዲሁ። በአራማይክ ሥሩ «መሳሳት» ነው። ለምስል የሚሰግደውን ሰው ሊነቅፉት ሲፈልጉ የሚሰግድለትን ነገር «ስህተት» አሉት። እኛ ቃሉን ወስደን ስድቡን ረሳነው። ሐንስ ያዕቆብ ፖሎትስኪ የተባለው ሊቅ በ1964 (እ.ኤ.አ.) እንዲህ ያሉ ቃላት ከአይሁድ አራማይክ የተወረሱ መሆናቸውን ጽፏል። ይህ ከየትኛውም የፌስቡክ ተረት ይልቅ ወደ ሩቅ የሚወስድ ታሪክ አይደለም?

ከግሪክ የተዋስነውም ብዙ ነው። «ኤጲስ ቆጶስ» ቃል በቃል «ከላይ ሆኖ የሚያይ»፣ ተቆጣጣሪ ማለት ነው፤ «ቴሌስኮፕ» መጨረሻው ላይ ያለችው «ስኮፕ» የዚህ ዘመድ ናት። የምንጽፍበት «ጠረጴዛ» ሳይቀር ግሪክ ነው። ዛሬ አቴንስ ሄዶ «ትራፔዛ» የት ነው ብሎ የጠየቀ ሰው ባንክ ያሳዩታል፤ የጥንት ገንዘብ ለዋጮች ሥራቸውን የሚሠሩት ጠረጴዛ ዘርግተው ነበርና።

«ትርጉሙን ባናውቀው እግዜር ያውቀዋል» የሚሉ አሉ። ይሁን፣ የለማኙን ልብ አንመረምርም። ነገር ግን «ሆሣዕና»ን ተመልከቱ። በዕብራይስጥ «እባክህ አድን» የሚል ጩኸት ነው። እኛ የዘንባባ ቀለበት የምናደርግበት የበዓል ስም አደረግነው፤ ከተማም ሰየምንበት። ጩኸት መሆኑን ያላወቀ ሰው እንዴት ከልቡ ሊጮኽ ይችላል?

ስለዚህ የምንለው አጭር ነው። የሚያውቁ ሊቃውንትና የሰንበት ትምህርት ቤት መምህራን ከዜማው ጋር ፍቺውንም ያስተምሩን። እኛም «ሼር» ከማድረጋችን በፊት በ1948 ዓ.ም. የታተመውን የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌን መዝገበ ቃላት እንግለጥ፤ የቮልፍ ሌስላውን የግዕዝ መዝገበ ቃላትም ከጎኑ እናስቀምጥ። ቃል መዋስ ድህነት አይደለም። አክሱም ላይ የኢዛና ድንጋይ በግሪክም በግዕዝም የተጻፈው ሰዎቹ የራሳቸው ቋንቋ ስላልነበራቸው አይደለም፤ ከዓለም ጋር ይነጋገሩ ስለነበረ ነው።