መልቀቂያችን መያዣ አይሁን

እሁድ ከቀኑ 9 ሰዓት አሞራ ገደል እንገናኝ። የምጠራው የሀዋሳን የስፌት ማሽን መካኒኮች፣ የላይን ሱፐርቫይዘሮችን፣ የስፌት ቤት ባለቤቶችንና የፋብሪካ የሰው ኃይል ኃላፊዎችን ነው። ሁላችንም ብንደመር ብዙ አይደለንም። ኦቨርሎክ ስፌት ሲዘል ድምፁን ብቻ ሰምቶ ጉድለቱ ከመርፌው ይሁን ከሉፐሩ የሚለይ ሰው በዚህ ከተማ በስሙ ይታወቃል። እንዲህ የምንተዋወቅ ሰዎች በአንድ የውል አንቀጽ ምክንያት ሆድና ጀርባ ሆነናል።

የደረሰብኝን ልናገር። ሥራ የገባሁ ቀን ውሉን የፈረምኩት ቆሜ ነው፤ ከኋላዬ ሌሎች ተሰልፈው ነበር። ከሦስት ዓመት በኋላ የተሻለ ደሞዝ አገኘሁና የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ አስገባሁ። ቀኑን ጨርሼ ካቻቪቴዎቹን፣ የመርፌ ሳጥኑን፣ የዘይት መስጫውን አንድ በአንድ ቆጥሬ አስረከብኩ። ኃላፊው ከፋይሌ አንድ ገጽ አወጣና በጣቱ አሳየኝ፤ «ሠራተኛው ሥራውን ከለቀቀ በኋላ ለሁለት ዓመት በተመሳሳይ ሥራ በተሰማራ ድርጅት አይቀጠርም» ይላል። ክሊራንስ ተከለከልኩ። አዲሱ መሥሪያ ቤት ደግሞ ያለ መልቀቂያ አልቀጥርም አለ። ሰባት ወር በየሰፈሩ እየዞርኩ የፔዳል ሲንጀር ጠገንኩ፤ የቤት ኪራይ የከፈለልኝ ወንድሜ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ማሽን የጠገነ እጅ «ተመሳሳይ ሥራ» ከተከለከለ ሌላ ምን ይሥራ?

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 ማንኛውም ኢትዮጵያዊ በአገሪቱ ውስጥ በየትኛውም ቦታ ለመተዳደሪያው የመረጠውን ሥራ የመሥራት መብት እንዳለው ይናገራል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም አሠሪው ሠራተኛው የሠራውን የሥራ ዓይነት፣ ያገለገለበትን ጊዜና ደሞዙን የሚገልጽ ማስረጃ ውሉ ሲቋረጥ ያለ ክፍያ እንዲሰጥ ያስገድዳል። ያ ወረቀት የሠራንበት ዘመን ምስክር ነው። በመሳቢያ ቆልፎ ለእልህ መወጫ ማድረግ የሰውን እንጀራ መዝጋት ነው፤ ሌላ ስም ልሰጠው አልችልም።

ባለቤቶችም ቁስል አላቸው፤ አውቃለሁ። አራት ማሽን ያላት አንዲት እህታችን መቀስ አያያዝ ሳይቀር ያስተማረችው ልጅ የጥር ሠርግ ልብስ በተከመረበት ሳምንት ጥሏት ወጣ። የደንበኞቿን ስልክ ቁጥርና ልኬት የጻፈችበትን ደብተርም ይዞት ሄዶ ከመንገዱ ማዶ ሱቅ ከፈተ። እሷ ማታ ማታ ብቻዋን ስትሰፋ አይቻታለሁ። ይህን በደል ነጻነት ብዬ አላሞካሽም። ሙያ የሰው ነው፤ የተማረው ልጅ ይዞት ይሂድ። ደብተሩ ግን የእሷ ነው። እሁድ ተቀምጠን መለየት ያለብን ይህንኑ ነው፦ የትኛው የእጅ ሙያ ነው፣ የትኛውስ የቤት ምሥጢር?

የፋብሪካዎቹም ጭንቀት ምክንያት አለው። የሀዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በሐምሌ 2008 ሲመረቅ ከየገጠሩ የመጡ ልጆች ሞሉት። በ2011 ዓ.ም. የወጣ አንድ የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ጥናት የሠራተኛው መነሻ ደሞዝ በወር 26 ዶላር መሆኑንና ፋብሪካዎቹ በአንድ ዓመት ውስጥ ሠራተኛቸውን በሙሉ የመቀየር ያህል እንደሚተኩ ጻፈ። በ2014 የሰሜኑ ጦርነትና ከአጎዋ (ከአሜሪካ የቀረጥ ነጻ ገበያ ዕድል) መታገድ ተደራርበው ፒቪኤችን የመሰለው ትልቅ ኩባንያ ወጣ። ሠራተኛ እንዳይለቅ ባለቤቶች ቢጨነቁ አይገርመኝም። ነገር ግን ደሞዝ ያላቆመውን ሰው የተቆለፈ ወረቀት አያቆመውም፤ ሥጋው ላይኑ ላይ ቢቀመጥም ልቡ ከወጣ ቆይቷል። አሜሪካ ውስጥ የካሊፎርኒያ ግዛት እንዲህ ያለውን የውል ክልከላ ከ1872 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዋጋ አሳጥቶታል፤ ሲሊከን ቫሊ ያደገው እዚያው ግዛት ውስጥ ነው።

ፍርድ ቤት መሄድ መብታችን ነው፤ የተገፋ ይሂድ። ግን ሀዋሳ ትንሽ ከተማ ናት። ዛሬ የከሰስከው ሰው ነገ ማሽኑ ቆሞበት የሚፈልገው አንተን ነው፤ አንተም የምትፈልገው የእሱን ሥራ። የቆምንበት ምድር ደግሞ ለዚህ የሚሆን ሥርዓት አለው። ሲዳማዎች አፊኒ ይሉታል፤ «ሰማችሁ ወይ?» እንደማለት ነው። በሶንጎ፣ ማለትም በሽማግሌዎች ሸንጎ፣ ሽማግሌዎቹ ከመፍረዳቸው በፊት የሁሉም ወገን ቃል ይሰማል። እኛ እስካሁን ያጣነው ይህንን ነው፤ አንዳችን ስለሌላው የምንሰማው በሐሜት ብቻ ነው።

ስለዚህ እሁድ አንድ ቃል ኪዳን እንጻፍ። ባለቤቶች መልቀቂያን መያዣ ላለማድረግ ይፈርሙ፤ «ሁለት ዓመት አትሠራም» የሚለውንም ከውላቸው ይሰርዙ። እኛም የ30 ቀኑን ማስጠንቀቂያ ሳንጨርስ፣ የተጀመረ ትዕዛዝ አንጠልጥለን ላለመውጣት፣ ፓተርንና የደንበኛ ዝርዝር ላለመያዝ እንፈርም። ገንዘብ ወጥቶበት የሠለጠነ ሰው ካለ ወጪው በብር ተጽፎ ይቀመጥ፤ ባገለገለበት ወር ልክ ይቀነስለት። ጠብ ሲነሣ ከባለቤቶች አንድ፣ ከመካኒኮች አንድ፣ ከሙያው ውጭ ሁለቱም የሚያከብሯቸው አንድ ሽማግሌ ይቀመጡ፤ እነሱ ሳይሰሙ ማንም ስለማንም ለሌላ ቀጣሪ ስልክ አይደውል። ይህ ስልክ የስንቱን ልጅ እንጀራ እንደቆረጠ የምናውቅ እናውቃለን።

ወጣቶች፣ ስማችን ይጠቁራል ብላችሁ እንዳትቀሩ። ብቻውን የሚናገር ስሙ ይጠቁራል፤ መካኒኮቹ ሁሉ አብረው ከተናገሩ ግን ላይኑን ማን ያስነሣል? ጋሼዎች፣ እናንተም ኑ፤ ብዙዎቻችንን ያስተማራችሁን እናንተ ናችሁ፤ ስትናገሩ ባለቤቶቹም ያዳምጧችኋል። እህቴ፣ አንቺም ነይ፤ ስለ ደብተርሽ መጀመሪያ የምትናገሪው አንቺ ነሽ። ልጁንም ሄጄ አነጋግሬዋለሁ፤ እመጣለሁ ብሏል።

የፈረማችሁትን ውል ኮፒ ይዛችሁ ኑ። ኮፒ ያልተሰጣችሁ የምታስታውሱትን በወረቀት ጻፉት። እስክሪብቶና ነጭ ወረቀት እኔ አመጣለሁ።