የሕፃኑ የአደን ፈቃድ ገንዘብ የማን ነው?

በዩናይትድ ስቴትስ የዱር እንስሳው የመሬቱ ባለቤት ሳይሆን የሕዝብ ሀብት ነው። በዚህም ምክንያት ለማደንም ሆነ ዓሣ ለማስገር የየክፍለ ግዛቱ መንግሥት የሚሰጠው ፈቃድ ያስፈልጋል። ፈቃዱ እንደ ልማዱ በየዓመቱ የሚታደስ ነው፤ ብዙዎቹ ክፍላተ ግዛት ግን አንድ ጊዜ ተከፍሎበት እስከ ዕድሜ ፍጻሜ የሚያገለግል ፈቃድም ይሸጣሉ፤ ለአረጋውያንና ለሕፃናትም ዋጋውን ይቀንሳሉ። ሁለቱ ቅናሾች በአንድ ስም ቢጠሩም ጠባያቸው ለየቅል ነው። የአረጋዊው ቅናሽ ምስጋና ሲሆን የሕፃኑ ግን መንግሥት ከልጁ የሚወስደው ብድር ነው።

ኒውዮርክን ለአብነት መውሰድ ይቻላል። አደንንና ማስገርን ያጣመረው የዕድሜ ልክ ፈቃድ ከ12 እስከ 69 ዓመት ላለ ነዋሪ 765 ዶላር ነው። ከልደት እስከ 4 ዓመት ላለ ሕፃን 380፣ ከ5 እስከ 11 ላለ ልጅ 535፣ 70 ለሞላው ደግሞ 65 ዶላር ብቻ ነው። የ69 ዓመቱ ሰው ጥቂት ቢታገሥ 700 ዶላር ይተርፈዋል ማለት ነው! ይሁንና አረጋዊው በየዓመቱ ቢገዛም ለአደን 5፣ ለማስገር 5 ዶላር ነው የሚከፍለው፤ የ65 ዶላሩ ፈቃድ ወጪውን የሚመልሰው በሰባተኛው ዓመት ነው። ማስገር ብቻ ለሚወድ ግን 83 ዓመት እስኪሞላው መጠበቅ ግድ ይላል። እንግዲህ መንግሥት በዚህ ብዙም አይከስርም፤ አረጋዊውም ወረፋና ወረቀት ይቀርለታል።

የሕፃኑ ጉዳይ ሌላ ነው። በዚያው ክፍለ ግዛት ልጅ 16 ዓመት እስኪሞላው ያለ ፈቃድ ያስግራል፤ ከ12 ዓመቱ በፊት ደግሞ ማደን አይፈቀድለትም፤ ከዚያም በኋላ ቢሆን የአዳኝነት ትምህርት ሳይጨርስ አያድንም። አያቱ በተወለደ በወሩ የከፈሉለት 380 ዶላር አገልግሎት የሚጠየቅበት ከዓመታት በኋላ ነው፤ ከዚያም ወዲህ ምናልባት ለስድሳ ዓመት።

ክፍላተ ግዛቱ ይህን ሽያጭ የሚወዱበት ምክንያት አላቸው። እ.ኤ.አ. በ1937 የወጣው የፒትማን ሮበርትሰን ሕግ ከረጅም ጠመንጃና ከጥይት 11 በመቶ ቀረጥ ይሰበስባል፤ ገንዘቡም በአብዛኛው ግማሹ በመሬት ስፋት፣ ግማሹ በባለ ፈቃድ አዳኞች ብዛት ይከፋፈላል። በ1950 ለዓሣ ማስገሪያ ዕቃዎችም ተመሳሳይ ሕግ ወጣ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ 17 ሚሊዮን ገደማ የነበሩት አዳኞች በ2016 ወደ 11.5 ሚሊዮን ዝቅ ብለዋል። በመሆኑም ከአሁኑ የተመዘገበ ልጅ ሁሉ ውድ ነው። ባለ ዕድሜ ልክ ፈቃዱ በየዓመቱ በቆጠራው እንዲገባ ግን ክፍያው ለእያንዳንዱ ዓመት ቢያንስ 2 ዶላር ማስገኘት አለበት፤ ፈቃዱን ጭራሽ በነፃ ማደል የማያዋጣውም ለዚህ ነው።

አደጋው ያለው ገንዘቡ ከተሰበሰበ በኋላ ነው። የሕፃኑ ክፍያ ለዘንድሮ በጀት ጉድለት መሙያ ከዋለ፣ ልጁ አርባ ዓመት ሲሞላው የሚያድንበትን ጫካ የሚጠብቅ፣ ወንዙን በዓሣ ጫጩት የሚሞላ ሠራተኛ ደመወዝ ከየት ይመጣል? ሰሜን ካሮላይና በ1981 ያቋቋመችው የዱር ሀብት ቋሚ ፈንድ ለዚህ መልስ ሰጥቷል። የዕድሜ ልክ ፈቃድ ሽያጭ ገቢ በፈንዱ ይቀመጣል፤ ዋናው ገንዘብ አይነካም፤ ወጪ የሚሆነው ትርፉ ብቻ ነው። ከልጆች ፈቃድ የተገኘው ትርፍ እንኳ ባለ ፈቃዱ 16 ዓመት ሳይሞላው አይወጣም። ይህን የመሰለ አጥር ሳያበጅ የሕፃናትን ፈቃድ በቅናሽ የሚሸጥ ክፍለ ግዛት ሁሉ የነገን ገቢ ዛሬ እየበላ ነው።

ከዚህ ሌላ የሚዘነጋ አንድ ነገር አለ። በዓመት 47 ዶላር ከፍሎ የአደንና የማስገር ፈቃድ ለማውጣት የማይቸገር ቤተሰብ 380 ዶላር በአንድ ጊዜ ማውጣት ሊያቅተው ይችላል። ቅናሹን በብዛት የሚያገኘው ታዲያ ጥሪት ያለው አያት ያለው ልጅ ነው። ክፍያው በአራት በአምስት ዓመት ተከፋፍሎ እንዲፈጸም ቢደረግ ግን የአናጺውም የሾፌሩም ልጅ ፈቃዱን በዚያው ዋጋ ያገኛል፤ ፈንዱም አንዳች አይጎድልበትም።